ተራ ይጠብቅ

አራሚው ሰው ሲያነጋግር ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን ያዞራል። የማያውቁት ሰዎች ንቀት ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የዐይኑ መሐል ከጠፋበት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የቀረችለት የዳር ዳሯ ብርሃን ናት። ፊት ለፊት ያየው እንደሆነ ሰውየው ጭጋግ ይሆንበታል፤ በጎን ካየው ግን ቢያንስ ትከሻውን ያገኘዋል። ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው፣ ዛሬ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን እንኳ ማንበብ አይችልም።

ልጁ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናት። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ቁጥር ትመዘግባለች። «እኛ ቤት ማንበብ በዘር ነው የሚመጣው» እያለች ትቀልዳለች። የአባቷ ዐይን ሲጠፋ፣ ከደመወዟ አጠራቅማ አንድ ትንሽ መሣሪያ ገዛችለት። አውራ ጣት ያክላል፤ መነጽር ላይ ይለጠፋል፤ ካሜራና ድምፅ አለው። ገጽ ሲያሳዩት ያነባል። ኩባንያው ያወጣለት ስም ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለ ነበር፣ አባትና ልጅ «አፈኛው» ብለው ጠሩት።

አፈኛው መጽሐፍ ያነባል፤ ጋዜጣ ያነባል፤ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር ያነባል። የእጅ ጽሑፍ ሲያሳዩት ግን፣ «ጽሑፍ አልተገኘም» ይላል፤ ያውም ኮራ ብሎ።

አራሚውን እንቅልፍ የነሳው ይህ ነበር። በሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ በእጅ የተጻፈ ደብተር አለ። የእትዬ ደብተር ነው።

እትዬ ታላቅ እኅቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዐሥራ ስምንት። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጥራ አሳደገችው፤ አስተማረችው፤ ለወግ አበቃችው። ፊደል የቆጠረችው ግን ሃምሳ ካለፋት በኋላ፣ ለአዋቂዎች በሚሰጥ ትምህርት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ደብተር ይዛ መጣችና፣ «ላንተ ብቻ ነው። ሲመችህ አንብበው» ብላ ሰጠችው።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ የረቂቅ ክምር ነበር። አራሚ ደግሞ ልማድ አለው። እጁ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ያያይዝበታል፤ በቀይ እርሳስም ይጽፍበታል። የእኅቱን ደብተር ከትራስ ልብሱ አወጣ፤ እጁ ሳያስበው ቁራጭ ወረቀት ቀደደ፤ «ተራ ይጠብቅ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ አሰመረበት፤ በመርፌ ቁልፍ ሽፋኑ ላይ አያያዘውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ተራው አልደረሰም። ከዓመት በኋላ እትዬ በስልክ፣ «አነበብከው ወይ?» ብትለው፣ ምላሱ ቀደመችውና፣ «አነበብኩት እንጂ! ግሩም ነው!» አለ። ያች ቃል ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ስትቆረቁረው ኖረች። ነገ አነበዋለሁ ሲል ዐይኑ ሄደ።

እንግዲህ በዚህ ላይ እያለ ነው እትዬ የደወለችው።

«እሑድ ሳምንት እመጣለሁ» አለችው። «ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከዚህ በኋላ መንገድ የምችል አይመስለኝም። ቁጭ ብለን ስለዚያ ደብተር እናወራለን። የቱ እንደ ጣመህ ትነግረኛለህ።»

«እነግርሻለሁ» አለ አራሚው። 

ልጁን አንብቢልኝ እንዳይል፣ ደብተሩ «ላንተ ብቻ» ተብሏል። ደግሞም ልጁና አክስቷ ሆድና ጀርባ ሆነው አያውቁም፤ ሰኞ የሰማችውን ማክሰኞ እትዬ ጆሮ ታደርሰዋለች። እሱ የሚፈልገው አፍ ያለው፣ ወሬ ግን የማያውቅ አንባቢ ነው። ከአፈኛው ሌላ እንዲህ ያለ ከየት ይመጣል?

ኩባንያው ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አሳውቃለሁ ብሎ ወር ሙሉ ሲያስተዋውቅ ሰንብቷል። ልጁ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ሁለቱም ፊቱ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ዝም በል፣ ጀመሩ!»

«እኔ መቼ ተናገርኩ?»

«ልትናገር ነበር።»

አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው መድረክ ላይ ይመላለሳል። ለደንበኞቹ ሲል እንቅልፍ እንዳጣ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። ቀጥሎ ዝም አለ። እንደገና ተጨበጨበ።

«አሁን ደግሞ ምን አደረገ?» አለ አራሚው።

«ውሃ ጠጣ።»

«ለዚህ ነው ያጨበጨቡለት?»

ወዲያው ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያችን የእጅ ጽሑፍ ያነባል!» አለ።

አራሚው ከወንበሩ ብድግ አለ። ጉልበቱ ጠረጴዛውን ገጭቶ ስልኩ ወደቀ። ልጁ ስልኩን ስታነሣ አባቷ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። የደስታ መሆኑን አወቀች፤ የምን ደስታ እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ቆይ አባዬ፣ ዝርዝሩን ልይልህ» አለችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ ማንሸራተት ጀመረች። «ይኸውና፣ የእጅ ጽሑፍ ንባብ... አጠገቡ ኮከብ ምልክት አለው።»

አራሚው እጁን ከፊቱ አወረደ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው ኮከብ ምን እንደሆነ ያውቃል። ክፉ ወሬ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከገጹ ግርጌ ነው።

«ግርጌውን አንብቢ» አለ።

«‹በወርቅ ደረጃ ወርሃዊ ክፍያ ለሚከፍሉ ደንበኞች›...»

«እሺ።»

«‹እንዲሁም የዘንድሮውን አዲስ መሣሪያ ለገዙ›...»

«ገና አለ?»

«አለ። ‹የቀድሞው መሣሪያ ተጠቃሚዎች ከመጪው ወር ጀምሮ በቀን ዐሥር ገጽ ብቻ በነጻ ይነበብላቸዋል።›»

«የታተመውንም?»

«የታተመውንም።»

«የገዛሁትን ዕቃ መልሰው ሊያከራዩኝ ነው?»

«የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«ያንቺን ዕቃ ለእኔ ሊያከራዩኝ ነው?»

ልጁ ወርሃዊውን ዋጋ ነገረችው። ነግራው ሳትጨርስ ብው አለች። «በዚህ ዋጋ ሰው ቀጥሮ ማስነበብ ይቻላል እኮ!» ብላ ለኩባንያው ደወለች። ሙዚቃ፤ ከሙዚቃው ቀጥሎ የሴት ድምፅ፦ «ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው።»

«ውድስ ውድ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ሙዚቃው ግን ቀጠለ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጁ ሥራ ከሄደች በኋላ አፈኛው ራሱ መልእክት አመጣ። ለነባር ደንበኞች አዲሱን ንባብ ለሦስት ቀን በነጻ ማቅመስ እንፈልጋለን፣ አለ። አራሚው እሺ አለ። መሳቢያውን ከፈተ፤ ደብተሩን በዳበሳ አወጣ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ጭንቅላቱን ቀጥ አደረገ።

«ደስ የሚል የእጅ ጽሑፍ ነው!» አለ አፈኛው። «ይህ ጽሑፍ ስለ ልብስ አጠባና ስለ ቤተሰብ ይናገራል። የጽሑፉ ስሜት፦ አዎንታዊ። ቃል በቃል ለመስማት የወርቅ ደረጃን ይምረጡ።»

አራሚው ገጹን ገለጠ።

«ደስ የሚል የእጅ ጽሑፍ ነው! ይህ ጽሑፍ ስለ ልብስ አጠባ...»

መነጽሩን አውልቆ ባርኔጣው ሥር ደበቀው። ስንት ዓይነት ደራሲ ያየ ሰው ነው፤ ማንም ግን የመጽሐፍ ጭማቂ አምጥቶ «ይኸው መጽሐፉ» ብሎት አያውቅም። እኅቱ በስተርጅና ጣቷ እየተንቀጠቀጠ የጻፈችው ሁሉ፣ «ስሜቱ አዎንታዊ» ሆኖ ቀረ። ስትመጣ ምን ይበላት? እትዬ፣ ስሜትሽ ጣመኝ?

ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። የልጁ ቁጣ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ሰው ቀጥሮ ማስነበብ። ሰው! ለእሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነበበለት ሰው አልነበረም እንዴ?

በማተሚያ ቤቱ አንድ አራሚ ብቻውን አይሠራም ነበር። እሱ ለሙከራ የታተመውን ገጽ ያያል፤ ማዶ የተቀመጠችው ሴት ደግሞ ዋናውን ረቂቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ያውም ነጥቡን፣ ሰረዙን፣ ቅንፉን ሁሉ እየጠራች። ስለዚህ ስሟ ተረስቶ ወይዘሮ ነጥብ ተባለች። ደንባቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ያለውን እንጂ የመሰለሽን አታንብቢ። ሁለተኛው፣ ከጠረጴዛው ከተነሣሽ ያነበብሽውን አልሰማሽም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት የሰው ምስጢር በአፏ አልፏል፤ አንዲት ቃል ከበሩ አልወጣችም።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሁለት መንገድ አልፎ ባለ ሱቅ ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጣለች። ዐይኑ ከጠፋ ወዲህ ግን ሄዶባት አያውቅም። የሚያነብ ሰው አድርጋ የምታውቀው እሷ ስለሆነች፣ በዚህ መልኩ እንድታየው አልፈለገም።

ደብተሩን በትራስ ልብሱ ጠቀለለና በብብቱ ይዞ፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየነካ ሄደ። የብስክሌት ጠጋኙን በጎማው ሽታ አለፈው፤ ከሱ ቀጥሎ ሁለት ደረጃ ወጣ።

«ቁልፍ ነው ክር?» አለች ወይዘሮ ነጥብ ቀና ሳትል።

«አንባቢ» አለ አራሚው።

የቁልፍ ሣጥን ከእጇ አምልጦ ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ ተሰማ።

«ሁለት ዓመት!» አለች። «ሁለት ዓመት የት ገብተህ ነው? ሞተሃል ብዬ ለቅሶ ልደርስ ስል ልጅህ ቆጣሪዬን ልታነብ መጣች። ‹አባዬ ደኅና ነው› አለችኝ። ደኅና ከሆነማ ኩራት ነው ብዬ ተውኩህ።»

«አፍሬ ነው።»

«ምን ሰርቀህ?»

«ዐይኔ...»

«ዐይንህ ጠፋ እንጂ እግርህ ጠፋ?»

አራሚው ሳቀ። ከሳቀ የቆየ ሰው ሳቅ ነበርና ሳል ቀላቀለው። በርጩማ ሰጠችው፤ እሱም ስለ ቁራጩ ወረቀት፣ ስለ ውሸቱ፣ ስለ አፈኛውና ስለ እሑድ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ አልፈረደችበትም። እጇን ዘረጋችና፣ «አምጣ» አለች። «ደንባችንን ታውቀዋለህ።»

«ነጥቡንም አንብቢ።»

«መቼ ዘልዬ አውቃለሁና?»

ባንኮኒው ላይ ቦታ አስለቀቀች። መጀመሪያ ያነበበችው ቁራጩን ወረቀት ነው። «በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ። በቀይ እርሳስ። ‹ተራ ይጠብቅ።› ከሥሩ ተሰምሮበታል።» ፈታ ወደ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ያ የሚያውቀው፣ ቅዝቅዝ ያለ፣ ቃልን እንደ ጡብ አንድ በአንድ የሚደረድር ድምፅ ጀመረ።

«‹ወንድሜ። አራት ነጥብ። ይህን የምጽፍልህ። አራት ነጥብ። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው። አራት ነጥብ።›»

«ነጥብ አብዝታለች» አለ አራሚው።

«ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ናት። በየደረጃው ታርፋለች። ዝም ብለህ ስማ።»

አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነጭ ክር ጠየቀ።

«ዝግ ነው!» አለች ወይዘሮ ነጥብ።

«በሩ ክፍት ነው እኮ።»

«እኔ ነኝ የተዘጋሁት። ነገ ና!»

ሦስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት አነበበችለት። የእንፋሎቱን ቤት፣ የፈላውን ውሃ፣ አንሶላ ስትጠመዝዝ የተሰነጣጠቀውን እጅ፤ ከደረቀ አንሶላ ጋር በትልቁ ቅርጫት ተቀምጦ የሚውለውን ትንሽ ወንድም። ይህን ሁሉ በጥቂቱም ቢሆን ያስታውስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የመጣውን ግን አያውቀውም።

«‹አንሶላው ሁሉ ማኅተም ነበረው። አራት ነጥብ። የወላዶች ክፍል። አራት ነጥብ። የሕፃናት ክፍል። አራት ነጥብ። የቀዶ ጥገና ክፍል። አራት ነጥብ። እኔ ፊደል አላውቅም። አራት ነጥብ። ሲቀጥሩኝ ግን። አራት ነጥብ። ማንበብ አውቃለሁ ብዬ ዋሽቼ ነበር። አራት ነጥብ። የሕፃናቱን ለወላዶች ላክሁና ልባረር ሆነ። አራት ነጥብ። አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር። አራት ነጥብ። የጎረቤት ልጅ ፊደል አስቆጥሮህ ነበር። አራት ነጥብ። ቅርጫቱ ውስጥ ሆነህ። አራት ነጥብ። ታነብልኝ ጀመር። አራት ነጥብ። አለቃዋ ስትመጣ ዝም ትላለህ። አራት ነጥብ። ስትሄድ ትቀጥላለህ። አራት ነጥብ። እንዲህ አድርግ ያለህ ሰው የለም። አራት ነጥብ። ሁለት ዓመት አነበብክልኝ። አራት ነጥብ። ለማንም አልተናገርክብኝም። አራት ነጥብ። እንጀራችን የቆመው በአንተ አፍ ነው። አራት ነጥብ። እኔ አንድም ቀን አላመሰገንኩህም። አራት ነጥብ። ፊደል የተማርኩት›...»

ድምፁ ቆመ።

«እዚህ ላይ ነጥብ አለ?» አለ አራሚው።

«የለም። እኔ ነኝ የቆምኩት» አለች ወይዘሮ ነጥብ። ያለ ነጥብ ስትቆም በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር። «‹ፊደል የተማርኩት ይህን ልጽፍልህ ነው። አራት ነጥብ።› አለቀ።»

አራሚው አንገቱን ደፋ። ዕድሜውን ሁሉ ያሳደገችው እሷ፣ ያደገው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እንባው የእጁ ጀርባ ላይ ሲወድቅ ሞቀው። ሴትዮዋም አላጽናናችውም፤ የወደቁትን ቁልፎች ሦስት ቀን ሙሉ ለቅማ ያልጨረሰች ይመስል ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳሰሰች። ከዚያ ቁራጩን ወረቀት መልሳ ልታያይዝ ስታነሣው እጇ ቆመ።

«ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ» አለች።

«የእኔ አይደለም። እኔ ጀርባ ላይ አልጽፍም።»

«ያንተ አይደለም፤ የደብተሩ እጅ ነው። በእርሳስ። ‹ገባኝ። አራት ነጥብ። የሰው ሥራ ይቅደም። አራት ነጥብ። እኔ ቤተኛ ነኝ። አራት ነጥብ። እጠብቃለሁ›።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። መጨረሻው ላይ ነጥብ አላደረገችም።»

እሑድ እትዬ መጣች። ልጁ ሻይ ልታፈላ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ እኅትና ወንድም ሶፋው ላይ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ከነጠላ ጫማዋ እግሯን አውጥታ እያሻሸች፣ ሳትውል ሳታድር ጠየቀችው።

«እህስ፣ የቱ ጣመህ?»

«እትዬ፣ ዋሽቼሽ ነበር። ያነበብኩት በዚህ ሳምንት ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«ወረቀቷንም አየሁ። መቼ ጻፍሽው?»

«ለልጅህ ምርቃት የመጣሁ ጊዜ። መቀስ ፍለጋ መሳቢያህን ከፈትኩ።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ስልክ ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«አንተስ አንሶላውን ይዘህ ለአለቃዬ አጋለጥከኝ?»

አራሚው እጇን ፈልጎ ያዘ፤ እዚያው በእጁ ውስጥ አቆየው። ያች የተሰነጣጠቀች እጅ አሁን ለስልሳለች።

«አመሰግናለሁ እትዬ» አለ። «ላሳደግሽኝ። ለጻፍሽልኝ። ለጠበቅሽኝ።»

«ይበቃል፣ ይበቃል፤ አሁን እኔንም ልታስለቅሰኝ ነው» አለችና ዐይኗን ጠረገች። «ይልቅ ማን አነበበልህ? ይህ መነጽርህ ላይ የተለጠፈው?»

«እሱማ ስሜትሽ አዎንታዊ ነው አለኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ደኅና ነሽ ማለት ነው።»

«ይህን ለመናገር ነው በየወሩ ክፈለኝ የሚለው?» ብላ ሳቀች። «እና ማን ነው?»

«ወይዘሮ ነጥብ ናት፤ ያቺ የማተሚያ ቤቷ፣ አሁን ባለ ሱቋ። ላንተ ብቻ ብለሽኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ግን ደንብ አላት፤ ያነበበችውን አልሰማችም።»

እትዬ ትንሽ አሰበች። «እኔም ያኔ ያለ ሌላ ሰው አፍ አላነበብኩም» አለች። «ከመሄዴ በፊት ሱቋ ትወስደኛለህ። እጇን መሳም አለብኝ።»

ልክ በዚህ መሐል አፈኛው ማንም ሳይጠራው ተናገረ። «ናፍቀንዎታል! የወርቅ ደረጃ ለመጀመሪያው ወር በግማሽ ዋጋ!»

«አጥፋው፣ አባዬ!» አለች ልጁ ከውስጥ። «መልሼ ፊታቸው ላይ ነው የምወረውርላቸው!»

«ተዪው፣ ልጄ» አለ አራሚው። «ዐሥሩ ገጽ ለመድኃኒቱና ለጋዜጣው ይበቃኛል። እግዜር ይስጣቸው። ርካሽ ቢያደርጉት ኖሮ እስከ ዛሬ ከዚህ ቤት አልወጣም ነበር።»

ከዚያ ቀይ እርሳሱን አስመጣ። እትዬ ቁራጩን ወረቀት ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት፤ ጣቱንም ይዛ «እጠብቃለሁ» የምትለው ቃል መጨረሻ ላይ አስቀመጠችው። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በቀረችው በዳር ዐይኑ እየተመራ፣ አራት ነጥብ አደረገ። ሦስቱ ወረቀቱ ላይ አረፉ፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ።